«ቀኑ ደርሶ ነው» ከማለታችን በፊት
(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)



የዛሬው ርእሳችን ብዙዎቻችን «የሐኪም ጉዳይ ነው» ብለን የምንተወው ነው። በመኪና ተገጭቶ፣ ከባጃጅ ወድቆ፣ ከሕንፃ ላይ ተንሸራትቶ ወይም በስለት ተወግቶ፣ ነገር ግን በሕይወት ሆስፒታል ገብቶ ስለሚሞት ሰው ነው የምንነጋገረው። መንገድ ላይ ስለሞተው አይደለም። አልጋ ይዞ፣ ከጠያቂዎቹ ጋር አውግቶ፣ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ጀናዛው ስለሚወጣው ሰው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከደረሶቼ አንዱ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ ከሐረር ወደ ድሬ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ደንገጎ ላይ ተገለበጠ። ደንገጎን ለድሬዳዋ ሰው መግለጽ አያስፈልግም፤ ጥምዝምዙንም ቁልቁለቱንም፣ ጫት ጭኖ የሚበረውን አይሱዙም ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጁ ግን በእግሩ ቆሞ ነው ከመኪናው የወጣው። ሆስፒታል ተወሰደ። የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አልናገርም፤ የዛሬው ነገሬ ከእርሱ ጋር አይደለም። ግራ ጎኑ ተልጦ ነበር፤ ራጅ ተነሣና አንድ የጎድን አጥንቱ ተሰንጥቋል ተባለ፤ ለክትትል አስተኙት።

ከዐስር ሶላት በኋላ ልጠይቀው ሄድኩ። ይስቃል፣ ይጫወታል፤ «ኡስታዝ፣ ነገ ወጥቼ ሒፍዜን አሰማለሁ» አለኝ። ከመግሪብ በኋላ «ግራ ትከሻዬን አመመኝ» አለ። እናቱ ቅባት አምጥታ አሸችለት፤ እኔም ደግፌ ያዝኩት። ከዒሻ በኋላ ውሃ ጠማኝ አለ፤ ሰጠነው። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጠማኝ አለ፤ ደግመን ሰጠነው። ግንባሩን ስነካው ላቡ ቀዝቃዛ ነበር። ይገላበጣል፣ ብርድ ልብሱን ይገፋል፤ የጎኑ ሕመም ነው ብለን ቁርኣን ቀራንለት። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ዝም አለ። «አልሐምዱሊላህ፣ ተኛ» ተባለ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ነርሷ ከሱብሂ አዛን በፊት ስትመጣ ልጁ አልነበረም።

እናቱን «እህቴ፣ ቀኑ ደርሶ ነው፤ ሰብር አድርጊ» አልኳት። ለዚህ ዓይነቱ ሰዓት የተዘጋጀ ቃል አለን፤ እኔም አውጥቼ ተናገርኩት።

ከወራት በኋላ በመስጂዳችን የሚሰግድ አንድ ሐኪም የልጁን ነገር ሲያነሣብኝ እንዲህ አለኝ፦ «ኡስታዝ፣ ያ የትከሻ ሕመም እኮ የትከሻ አልነበረም።» ከዚያም በትዕግሥት አስረዳኝ። በግራ ጎን፣ ከታችኞቹ የጎድን አጥንቶች ሥር ጣፊያ አለች። በደም የተሞላች፣ በቀላሉ የምትቀደድ አካል ናት። ጎኑን የተመታ ሰው ጣፊያው ተሰንጥቃ ደሙ ቀስ እያለ ወደ ሆዱ ሊፈስ ይችላል። ያ ደም በሆድና በሳንባ መካከል ያለውን ስስ ጡንቻ ሲነካው፣ የዚያ ጡንቻና የትከሻ ነርቮች ከአንገት አካባቢ አብረው ስለሚነሡ፣ በሽተኛው ሕመሙን በግራ ትከሻው ላይ ይሰማዋል። እኛ በቅባት የምናሸው ትከሻ የሆድ ውስጥ መድማት ምልክት ነበር ማለት ነው። ውሃ ጥሙም፣ ቀዝቃዛ ላቡም፣ መቁነጥነጡም የዚያው የደም ማነስ ምልክቶች ነበሩ። በመጨረሻ ተኛ ያልነው ደግሞ እንቅልፍ አልነበረም።

ሐኪሙ አንድ ሌላ ነገርም ነገረኝ። የልጁ የደም ግፊትና የልብ ምት ለመጨረሻ ጊዜ የተለካው ወደ መግሪብ ገደማ ነበር። ከዚያ እስከ ሱብሂ ባለው ጊዜ በወረቀቱ ላይ ምንም አልተጻፈም። በዚያ ክፍል ሌሊቱን የነበረችው አንዲት ነርስ ናት፤ አልጋዎቹም ሙሉ ነበሩ። እኛ ደግሞ አጠገቡ አራት ሰዎች ተቀምጠን ነበር።

ወጣት ሰው ደም ሲፈሰው ሰውነቱ ይደብቃል፤ ይህን ማወቅ ለሁላችንም ይጠቅማል። በአንድ ትልቅ ሰው ሰውነት ውስጥ አምስት ሊትር ያህል ደም አለ። የመጀመሪያው ግማሽ ሊትር ወይም ጥቂት በላይ ቢፈስ ምንም የሚታይ ነገር ላይኖር ይችላል። ከዚያ ልብ ፍጥነቷን ትጨምራለች፤ የእጅና የእግር የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ለዚህ ነው ቆዳው የሚቀዘቅዘው። የደም ግፊቱ በግልጽ የሚወርደው በአብዛኛው ከጠቅላላው ደም አንድ ሦስተኛው ገደማ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ «ግፊቱ ደህና ነው» የተባለ ወጣት ከአንድ ሊትር በላይ ደም አጥቶ ሊሆን ይችላል። ሆድ ይህን ሁሉ ደም ውጦ ለረጅም ጊዜ ላያሳይ ይችላል። የተሰበረ ጭንም እስከ አንድ ሊትር ተኩል ይይዛል። ቀድሞ የሚያጋልጠው የልብ ምት ነው። አንድ ጊዜ የተለካ ምት ብዙ አይናገርም፤ በየሰዓቱ ተለክቶ እየጨመረ መሄዱ ነው የሚናገረው።

ጭንቅላቱን የተመታም እንዲሁ ነው። ከአደጋው በኋላ ተነሥቶ ያወራል፣ ቤቱን ይናገራል፤ ከሰዓታት በኋላ በራስ ቅሉና በአንጎሉ ሽፋን መካከል የተጠራቀመው ደም አንጎሉን ይጫነዋል። ራስ ምታቱ ይብሳል፣ ያስመልሰዋል፣ ይደነዝዛል፣ አንደኛው የዓይን ብሌን ከሌላው ይሰፋል። በጊዜ ከታወቀ የራስ ቅሉን ከፍቶ ደሙን ማውጣት ሕይወት ያድናል። ራሱን የሳተውን ሰው ደግሞ በጀርባው አጋድመን ከተውነው ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ ጉሮሮውን ይዘጋዋል፤ አንጎል ያለ አየር የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። እነዚህ ሁሉ ሐኪሞች «ሊድን ይችል የነበረ ሞት» የሚሉት ውስጥ ይገባሉ።

እዚህ ላይ አንዳንድ አድማጭ «ኡስታዝ፣ አጀል ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይልም፤ ታዲያ ሊድን ይችል ነበር ማለት በቀዷ ላይ መናገር አይሆንም ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አጀል በአላህ እጅ ነው፤ በዚህ የሚጠራጠር ሙስሊም የለም። ነገር ግን ሰበብን የፈጠረውም እርሱ ነው። ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መኖሩን ሰምተው ሰዎቻቸውን ሲመልሱ፣ ከአላህ ውሳኔ ይሸሻሉ ወይ ተብለው ነበር። መልሳቸውም መሸሻቸው ራሱ ከአንዱ የአላህ ውሳኔ ወደ ሌላው የአላህ ውሳኔ መሆኑን የሚያስረዳ ነበር። ቀደር ለደረሰብን ነገር መጽናኛ ነው፤ ላልሠራነው ሥራ ሰበብ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ ለዚያች እናት የተናገርኩት ቃል እውነት ነው፤ ለራሴ ስናገረው ግን ያን ያህል አልቀለለኝም።

የቁስለኛ አያያዝ በሲራችን ውስጥ ቦታ ያለው ጉዳይ ነው። በኡሑድ ዘመቻ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፊት በቆሰለ ጊዜ ዐሊይ (ረ.ዐ.) በጋሻቸው ውሃ ያመጡ ነበር፤ ፋጢማ (ረ.ዐ.) ደሙን ያጥቡ ነበር። ውሃው ደሙን እንዳበዛው ባዩ ጊዜ ማጠቡን ትተው የሰሌን ቁራጭ አቃጠሉና አመዱን ቁስሉ ላይ አደረጉ፤ ደሙም ቆመ። ፋጢማ ያደረጉትን ልብ በሉ። አዩ፣ አልሠራም፤ ወዲያው ሌላ መንገድ ወሰዱ። በኸንደቅ ጊዜ ደግሞ ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ (ረ.ዐ.) ክንዳቸው ላይ በቀስት ሲቆስሉ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቅርብ ሆነው እንዲጠይቋቸው በመስጂዱ ውስጥ ድንኳን ተተከለላቸው። ሩፈይዳ የተባሉ የአስለም ጎሣ ሴት ቁስለኞችን ያክሙ እንደነበርም የታሪክ ዘገባዎች ያወሳሉ። የሰዕድ ቁስል አንድ ሌሊት እንደገና ተከፍቶ ሲደማ በመስጂዱ የነበሩት ሰዎች ያወቁት ደሙ ወደ እነርሱ ሲፈስ በማየታቸው ነው። የእነርሱ ቁስለኛ ደም በመሬት ላይ ታየ፤ የእኛው ልጅ ደም በሆዱ ውስጥ ቀረ።

ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠኝ ግን አቡ ዳዉድ ከጃቢር (ረ.ዐ.) የዘገቡት ነው። በጉዞ ላይ አንድ ሰው ራሱን በድንጋይ ተፈንክቶ ሳለ ትጥበት ግዴታ ሆነበት። ጓደኞቹን ተየሙም ይበቃኛል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ውሃ እያለ አይበቃህም አሉት፤ ታጠበና ሞተ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሲሰሙ አጥብቀው ተቆጡ፤ የገደሉት እነርሱ እንደሆኑ ተናገሩ፤ የማያውቅ ሰው መድኃኒቱ መጠየቅ መሆኑንም አስተማሩ። ጓደኞቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ሸሪዓን የጠበቁ መስሏቸው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን «ቀኑ ደርሶ ነው» ብለው አላለፉትም፤ የሞቱን ምክንያት መረመሩ፣ ስሕተቱን በስሙ ጠሩ።

ዛሬ በዓለም ላይ ጥሩ ሆስፒታሎች የሚሠሩት ከዚህ ጋር ይቀራረባል። አንድ ተጎጂ በሞተ ቁጥር የቀዶ ሐኪሙ፣ የድንገተኛ ክፍሉ፣ የማደንዘዣ ባለሙያውና የነርሶች ኃላፊ ተቀምጠው ወረቀቱን ከመጀመሪያው ገጽ ያነባሉ። መቼ ደረሰ? ማን አየው? ደም መቼ ታዘዘ፣ መቼ መጣ? ቀዶ ሕክምና ክፍል መቼ ገባ? ሊድን ይችል ነበር ወይ? ጥያቄው ማንን እንክሰስ አይደለም፤ የሚቀጥለው በሽተኛ ምን ይደረግለት ነው። በሸሪዓችንም ሙያውን የማያውቅ አክሞ ቢጎዳ ይጠየቃል፤ ሙያውን አውቆ በጥንቃቄ የሠራና ውጤቱ ያላማረለት ሐኪም ግን እንደ ወንጀለኛ አይታይም። ይህን የምለው ዘመድ ሲሞት ነርስ ላይ እጅ የሚያነሡ ሰዎች ስላሉ ነው። የተደበደበ ሐኪም ስሕተቱን አይናገርም፤ ይደብቃል። ስሕተቱ ከተደበቀ ደግሞ የሚማርበት የለም።

እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የታተመ አንድ ጥናት በሁለት አካባቢዎች በመኪና አደጋ የሞቱ ሰዎችን አነጻጸረ። በሳን ፍራንሲስኮ ተጎጂዎች ሁሉ ለዚሁ ወደተዘጋጀ አንድ ሆስፒታል ይወሰዱ ነበር፤ በኦሬንጅ ካውንቲ ግን በቅርብ ወደተገኘው። ከጭንቅላት ጉዳት ውጭ በሆነ ምክንያት ከሞቱት የኦሬንጅ ካውንቲ ሰዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሊድኑ ይችሉ ነበር ተባለ፤ በሳን ፍራንሲስኮ እንዲህ የተባለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያ ሀብታም አገር ነው፤ ሐኪምም መድኃኒትም አልጎደለም፤ የጎደለው ሥርዓት ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ደግሞ፣ በ1976፣ ጄምስ ስታይነር የተባለ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ሚስቱንና አራት ልጆቹን ይዞ ሲበር አውሮፕላኑ በነብራስካ ተከሰከሰ። ሚስቱ ሞተች፤ ልጆቹ ቆሰሉ። በገጠር ሆስፒታል የተሰጣቸውን ሕክምና አይቶ ከዚህ የተሻለ መሠራት አለበት አለና፣ ከባልደረቦቹ ጋር በ1978 ለሐኪሞች ሥልጠና ጀመረ፤ ቅደም ተከተሉም መጀመሪያ የአየር መንገድ፣ ቀጥሎ አተነፋፈስ፣ ቀጥሎ ደም የሚል ነው። ሥልጠናው ዛሬ ከ80 በላይ በሆኑ አገሮች ይሰጣል።

«ያ የሀብታም አገር ነው» ካላችሁኝ ታይላንድን ላንሣ። በኮን ኬን ከተማ ሆስፒታል ሐኪሞቹ የተጎጂዎችን መዝገብ ይዘው ሊድኑ ይችሉ የነበሩትን ሞቶች አንድ በአንድ መረመሩ። ችግሩ ከየት እንደሚመጣም አገኙ፦ በድንጋጤ ላይ ያለው በሽተኛ በጊዜ አይታይም፤ ለጭንቅላት ጉዳት ቀዶው ይዘገያል፤ ከሌላ ሆስፒታል ሲላክ አስቀድሞ የሚነግር የለም። ልምድ ያላቸውን ሐኪሞች ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ላይ አቆሙ፤ ግንኙነቱን አሻሻሉ። ተኝተው ከሚታከሙ ተጎጂዎች መካከል የሚሞቱት ከ100 ከ6 በላይ የነበሩት ወደ 4 ገደማ ወረዱ። በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 4.4 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በጉዳት እንደሚሞቱ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ድሃ አገሮች ከባድ ጉዳት የደረሰበትን ሰው እንደ ሀብታሞቹ ማዳን ቢችሉ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ሕይወት በየዓመቱ ሊተርፍ እንደሚችልም ተመራማሪዎች አስልተዋል።

ሁሉም ነገር ውድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በ40 አገሮች፣ ከ20,000 በላይ ተጎጂዎች ላይ የተሠራ ጥናት ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለው ርካሽ መድኃኒት ለሚደማ ሰው ከአደጋው በኋላ በሦስት ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ ሞትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከሦስት ሰዓት ካለፈ ግን ሊጎዳ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ያወጣው የተጎጂዎች መፈተሻ ደግሞ አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ ሐኪሞቹ ከበሽተኛው አጠገብ ከመሄዳቸው በፊት የረሱት ነገር እንዳለ ይጠይቃቸዋል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሥር ያለው አቤት ሆስፒታል ለቃጠሎ፣ ለድንገተኛና ለአደጋ ሕክምና የተቋቋመ ነው። ስሙ ከእንግሊዝኛ ቃላት ፊደሎች ተለቅሞ ነው የወጣው፤ በአማርኛ ለተጣራ ሰው የሚሰጥ መልስ መሆኑ ግን ደስ ይለኛል። ሆኖም አዲስ አበባ ከእኛ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ጣፊያው የደማ ሰው ያን መንገድ አይጨርሰውም። ድል ጮራ የሚያስተናግደው የከተማችንን ሰው ብቻ ሳይሆን ከአጎራባች የኦሮሚያና የሶማሌ አካባቢዎች የሚመጣውንም ነው፤ ሐረር ያለው ሕይወት ፋናም እንዲሁ። ሸክማቸውን አውቀን ብንጠይቃቸው ጥሩ ነው። ብንጠይቃቸው ስል ግን እንጠይቃቸው ማለቴ ነው፦ ሌሊት ስንት ነርስ አለ? ደም አለ? የሞቱት ይመረመራሉ? ለአንድ ከተማ ሽማግሌዎችና የመስጂድ ኮሚቴዎች ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ ብዙ የለም።

መብታችሁንም እወቁ። አዋጅ ቁጥር 799/2005 የጤና ተቋማት ለመኪና አደጋ ተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ አዋጁ ሲወጣ የተቀመጠው ጣሪያ 2,000 ብር ነበር። የዛሬውን የመድኃኒት ዋጋ ስናይ ያ ብር ሩቅ አያስኬድም፤ ነገር ግን በበር ላይ ገንዘብ ሲቆጠር ለሚባክነው ሰዓት መልስ ነው።

አሁን ወደ እኛ፣ ወደ አስታማሚዎቹ ልምጣ። ሆስፒታል የተኛ ዘመዳችሁ አጠገብ ሌሊት የምትቀመጡት እናንተ ናችሁ። የእጅ አንጓውን ይዛችሁ የልብ ምቱን ለአንድ ደቂቃ መቁጠር ተማሩ። ዕረፍት ላይ ያለ ትልቅ ሰው በአብዛኛው ከ60 እስከ 100 ይመታል። ከ100 ካለፈና እየጨመረ ከሄደ፣ ደጋግሞ ከጠማው፣ ከቀዘቀዘና ካላበው፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ስትቀሰቅሱት እንደ ቅድሙ ካልነቃ ተነሥታችሁ ነርስ ጥሩ። በትሕትና፣ ነገር ግን ሳታፍሩ «ሲስተር፣ ከቅድሙ ተለውጧል፤ ምቱ ጨምሯል፤ ሐኪም ይየው» በሏት። አስቸገርኩ ብላችሁ አትፈሩ። እኔ ያን ሌሊት ነርሷን ማስቸገር አፍሬ ነው የተቀመጥኩት።

ሐኪም ሳይፈቅድ ለተጎጂ ውሃም ጁስም ምግብም አትስጡ፤ ቀዶ ከታዘዘለት የሞላ ሆድ በማደንዘዣ ጊዜ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ራሱን የሳተማ ውሃው በቀጥታ ያንቀዋል። ሐያ ሰው ሆነን አልጋውን መክበብም ዚያራ አይባልም። የተሰበረውን እጅና እግር ወደ ወጌሻ የምትወስዱ ሰዎች ደግሞ ስሙኝ፦ አጥብቆ የታሰረ ቀርከሃ ደም ከልክሎ የልጆች እጅና እግር በስብሶ እንዲቆረጥ ማድረጉ በአገራችን ሐኪሞች ደጋግሞ የታየ ነገር ነው። ጣቶቹ ካበጡ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት ይፈታ። ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ተብሎ ፈርሙ ስትባሉም፣ አጎት ከጅግጅጋ፣ ታላቅ ወንድም ከጅቡቲ እስኪደወልለት አትጠብቁ። በእነዚያ ሁለት ሰዓታት የሚፈሰውን ደም አጎትም አይመልሰውም።

በመጨረሻ ስለ ደም። ቀዶ ሐኪሙ ተዘጋጅቶ ደም ስለጠፋ ብቻ የሚቆምበት ጊዜ አለ። በከተማችን ደም ባንክ አለ። ዕድሜው ከ18 እስከ 65፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ በላይ የሆነ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል። ዘመዳችን ሲተኛ ብቻ ተሯሩጠን የምንሰጠው ደም ብዙ ጊዜ ይዘገያል፤ ተመርምሮ እስኪዘጋጅ ሰዓታት ያልፋሉ። የሚያድነው አስቀድሞ ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠው ነው። ረመዳን ላይ ለጋሽ ይቀንሳል፤ አደጋው ግን አይቀንስም። በዋግምት ጉዳይ ዑለማዎች የተለያየ አቋም ስላላቸው በጾም ሰዓት ደም መስጠት የሚከብደው ሰው ከኢፍጣር በኋላ ይስጥ።

የልጁ እናት ባለፈው ዓመት ደም ልትሰጥ ሄዳ የደም ማነስ አለብሽ ተብላ ተመልሳለች። በማግስቱ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ሄደች። እኔም ከእነርሱ ጋር ነበርኩ።